ፎቶግራፍ ለዓይን የመደበው ቦታ

በደሴ ከተማ በሰኞ ገበያ ለሕዝብ የተደረገ ንግግር፤ ለኅትመት ተስተካክሎ የቀረበ

 

የዛሬው ንግግሬ የሚያስረዳው አንድ ነገር ነው። በሁለት ዓይን እንዲታይ የተነሣ ጥንድ ፎቶግራፍ ምን ያህል ተልቆ መታተም እንዳለበት የሚወስነው የምናይበት ሌንስ ነው። ወረቀቱ ስንት ብር ያወጣል፣ ክፈፉ ስንት በስንት ነው የሚሉት ጥያቄዎች ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። በመጀመሪያ ይህ ለምን እንደሆነ እናያለን። ቀጥሎ ትክክለኛው መጠን ከዓይናችን አቀማመጥ ጋር ሲጋጭ ምን እንደሚደረግ እናገራለሁ። ከዚያ ወደ አየር ፎቶግራፍ እሻገራለሁ፤ የወሎ መሬት ታሪክ በብዛት የተቀመጠው እዚያ ስለሆነ ረዘም ላለ ጊዜ የምንቆየውም እዚያው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

እስቲ አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አውራ ጣታችሁን ከፊታችሁ አቁሙና ከበስተጀርባው ያለውን ግድግዳ ተመልከቱ። አሁን ዓይን ቀይሩ። ጣታችሁ በግድግዳው ላይ ቦታ ይቀይራል። ሁለቱ ዓይኖቻችን 6.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚራራቁ ለአንጎል የሚልኩት ሥዕል አንድ አይደለም፤ አንጎል ደግሞ ከዚያ ትንሽ ልዩነት የነገሮችን ርቀት ያወጣል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስቶን ይህን በ1838 አስረዳ። ሁለት ሥዕሎችን በግራና በቀኝ አቁሞ፣ በሁለት መስተዋቶች አማካይነት እያንዳንዱ ዓይን የራሱን ሥዕል ብቻ እንዲያይ አደረገ፤ ጠፍጣፋው ሥዕልም ጥልቀት አገኘ። ፎቶግራፍ ለዓለም በይፋ የተዋወቀው በማግስቱ ዓመት ነው። በ1849 ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ብሩስተር መስተዋቱን በሌንስ ተካው። በ1861፣ አፄ ቴዎድሮስ በነገሡ በ6ኛው ዓመት መሆኑ ነው፣ የቦስተኑ ሐኪም ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ በእጅ የሚያዝ ቀላል የእንጨት መመልከቻ ሠራና መብቱን ሳያስመዘግብ ለሕዝብ ለቀቀው። ካርዱ 18 በ9 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የሌንሱ የትኩረት ርቀት ደግሞ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በምክንያት ነው የተገናኙት፤ ምክንያቱን ላሳያችሁ።

ነገ ጠዋት የጦሳ ተራራ የሚታይበት መስኮት አጠገብ ቁሙ። አንድ ዓይን ጨፍናችሁ፣ ሌላውን ዓይን ከመስታወቱ 20 ሴንቲ ሜትር አርቃችሁ፣ ራሳችሁን ሳታነቃንቁ የተራራውን ጫፍ በማርከር መስታወቱ ላይ ተከተሉት። መስመሩና ተራራው ፍጹም ይገጥማሉ። አሁን ወደ ኋላ አፈግፍጋችሁ ዓይናችሁን 40 ሴንቲ ሜትር ላይ አድርጉ። መስመሩ ለተራራው ያንሳል፤ በትክክል በግማሽ ያንሳል። እንደገና እንዲገጥም ከተፈለገ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ ወይ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር መመለስ፣ ወይ መስመሩን እጥፍ አድርጎ መሣል። በካሜራ ውስጥ የመስታወቱን ቦታ የሚይዘው ፊልሙ ወይም ሴንሰሩ ነው፤ የዓይኑን ቦታ የሚይዘው ሌንሱ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ደግሞ የትኩረት ርቀት የምንለው ነው። እንግዲህ ማንኛውም ፎቶግራፍ ሲነሣ ለተመልካቹ ዓይን አንድ ቦታ ይመድባል። ፎቶው ሲጎላ ያ ቦታ በዚያው ልክ ይርቃል። ስሌቱም የካሜራውን የትኩረት ርቀት ፎቶው በጎላበት መጠን ማባዛት ብቻ ነው።

በየቤታችሁ አልበም ውስጥ ያለውን ባለ 10 በ15 ፎቶ እንውሰድ። በተለመደው ፊልም ከተነሣ የፊልሙ ገጽ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ 4 ጊዜ ከትንሽ ጎልቷል። ካሜራው የተለመደውን የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዞ ከነበረ ፎቶው ለዓይን የመደበው ቦታ 21 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ይህ ለአብዛኛው ጎልማሳ ዓይን የማይመች ቅርበት ነው፤ ያለ ችግር የምናነበው ከ25 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ ስለሆነ። የመመልከቻው ሌንስ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ፎቶው ከሌንሱ በትኩረት ርቀቱ ልክ ሲቀመጥ፣ ዓይን ሩቅ አገር እንደሚያይ ሁሉ ሳይጨናነቅ ያየዋል። ስለዚህ የሌንሱ የትኩረት ርቀትና ፎቶው የመደበው ቦታ እኩል እንዲሆኑ ማድረግ ነው የሥራው ሁሉ ቁልፍ። ባለ 20 ሴንቲ ሜትር ሌንስ ላለው ሰው ያ የአልበም ፎቶ ልክ ነው ለማለት ይቻላል። ባለ 10 ሴንቲ ሜትር ሌንስ ላለው ግን ያው ፊልም መጎላት ያለበት 2 ጊዜ ብቻ ነው፤ 72 በ48 ሚሊ ሜትር ይወጣል።

መጠኑ ሲዛባ የሚዛባው ጥልቀቱ ነው። ስፋቱና ቁመቱ እርስ በርስ ያላቸው ምጣኔ አይነካም፤ ስሕተቱ ቶሎ የማይነቃውም በዚህ ምክንያት ነው። ፎቶው ለሌንሱ በግማሽ ካነሰ በስተጀርባ 1 ሜትር የሚርቀው ነገር 2 ሜትር የራቀ ይመስላል፤ ፊት ይሾላል፣ ክፍሉ ይረዝማል። ፎቶው ለሌንሱ ከበዛ ደግሞ ጥልቀቱ ይጨመቃል፤ ሰዎቹ ውፍረታቸውን ያጡና በየረድፋቸው የቆሙ ስስ ገጾች ይሆናሉ። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ካሜራውን ይወቅሳል። ካሜራው ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፤ የተሳሳተው አትሞ ያቀረበው እጅ ነው።

የሌንሳችሁን የትኩረት ርቀት ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልጋችሁም። ከጨለም ያለ ክፍል ሆናችሁ ሌንሱን ወደ ሩቅ ተራራ አዙሩ፤ ከኋላው ነጭ ወረቀት ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንቀሳቅሱ። ተራራው ተዘቅዝቆ ጥርት ብሎ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ከሌንሱ እስከ ወረቀቱ ያለውን በማስመሪያ ለኩ። በመነጽር ቁጥር ለሚያስቡም ቀላል ነው፤ 100ን ለቁጥሩ ማካፈል ነው። ቁጥሩ 5 የሆነ የንባብ መነጽር 20 ሴንቲ ሜትር፣ ቁጥሩ 10 የሆነ 10 ሴንቲ ሜትር ይሰጣል። ሁለት እኩል ሌንሶችና አንድ ካርቶን ያለው ተማሪ የራሱን መመልከቻ መሥራት ይችላል፤ ወላጆች ይህን እንድታበረታቱ አደራ እላለሁ።

እስካሁን ያልነው በአንድ ዓይንም ቢሆን ያስኬዳል። ሁለተኛው ጉዳይ የሁለቱ ዓይኖች ነው። በሌንስ መመልከቻ ውስጥ ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በግራው ፎቶ ላይ ያለ አንድ ሩቅ ነጥብና በቀኙ ላይ ያለው ያው ነጥብ ከ6.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተራራቁ ዓይኖች ወደ ውጭ መከፈት ይኖርባቸዋል፤ ይህን ተፈጥሮ አልሰጠንም፤ ትርፉ ራስ ምታት ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ ፎቶ ከ6.5 ሴንቲ ሜትር እምብዛም ሊሰፋ አይችልም። ትክክለኛው ጥልቀት ሰፊ ኅትመት ሲጠይቅ የዓይናችን አቀማመጥ ጠባቡን ያዛል።

ይህ ግጭት በስልክ ካሜራ ላይ ጎልቶ ይታያል። የብዙ ስልኮች ዋና ካሜራ በ36 ሚሊ ሜትር ስፋት ፊልም ቢመዘን 26 ሚሊ ሜትር ገደማ ሌንስ እንደያዘ ይቆጠራል። ባለ 10 ሴንቲ ሜትር ሌንስ መመልከቻ ካለን የዚህ ፎቶ ትክክለኛ ስፋት 138 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከተፈቀደልን ከእጥፍ በላይ መሆኑ ነው። አብዛኛው ሰው በዚህ ጊዜ ሙሉውን ፎቶ አሳንሶ 65 ሚሊ ሜትር ውስጥ ይከተዋል፤ ጥልቀቱም ከ2 እጥፍ በላይ ይለጠጣል። ትክክለኛው መንገድ መጀመሪያ ፎቶውን በ138 ስፋት ማዘጋጀት፣ ከዚያ መካከለኛውን 65 ሚሊ ሜትር ቆርጦ መውሰድ ነው። ከስፋቱ ከግማሽ በላይ መጣል ያሳዝናል፤ እኔም ስቆርጥ ያሳዝነኛል። የቀረው ግን እውነተኛ ነው። ስለዚህ ለፎቶ ቤት ባለሙያዎች የምለምነው፣ ለጥንድ ፎቶ የሚመጣ ደንበኛ ሲገጥማችሁ መጠኑን ከመወሰናችሁ በፊት መመልከቻውን አምጣ እንድትሉት ነው። ለግራና ለቀኙም አንድ ዓይነት ማጉላት ተጠቀሙ፤ ማሽኑ እያንዳንዱን ለብቻው እንዲያስተካክል አትተዉት።

ሙሉውን ፎቶ ላለመቁረጥ የፈለጉ ሰዎች ሦስት መውጫ አግኝተዋል። አንደኛው ሌንሱን ማሳጠር ነው። ያ የስልክ ፎቶ በ65 ሚሊ ሜትር ስፋት ከታተመ የሚፈልገው ሌንስ 47 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጉግል በ2014 ያስተዋወቀው የካርቶን መመልከቻ ባለ 45 ሚሊ ሜትር ሌንስ የያዘው ያለ ነገር አይደለም። ጉዳቱ እንዲህ ያለ ኃይለኛ ሌንስ የወረቀቱን ቅንጣትና የቀለሙን ጉድለት ሁሉ ማጉላቱ ነው። ሁለተኛው የሆምስ መንገድ ነው፤ ሌንሶቹ ከዳር የተቆረጡ ስለሆኑ ብርሃኑን ያጥፉታል፣ በዚህም ፎቶዎቹ ከዓይን ርቀት ጥቂት ሰፍተው መራራቅ ይችላሉ። ሦስተኛው ወደ ዊትስቶን መስተዋት መመለስ ነው፤ በመስተዋት ሲታይ ፎቶው የፈለገውን ያህል ሊሰፋ ይችላል። አገራችን ውስጥ ለካርታ ሥራና ለሥነ ምድር ትምህርት የገቡት ትልልቆቹ የጥንድ ፎቶ መመልከቻዎች፣ ማለትም ስቴሪዮስኮፖች፣ በዚህ በሦስተኛው መንገድ የተሠሩ ናቸው። ይህም ወደ ዋናው ጉዳዬ ያደርሰኛል።

የአየር ፎቶግራፍ የሚያነሣ አውሮፕላን ቀጥ ባለ መስመር እየበረረ፣ እያንዳንዱ ፎቶ ከሚቀጥለው ጋር 60 በመቶ ያህል እንዲደራረብ አድርጎ ያነሣል። በፊልም ዘመን የተለመደው ፎቶ 23 በ23 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ የሰፊ እይታ ካሜራው የትኩረት ርቀት 152 ሚሊ ሜትር ነበር። በ1 ለ50,000 ስኬል የተነሣ አንድ ፎቶ በየጎኑ 11.5 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ በአየር ያለውን ርቀት ሊጨርስ ጥቂት ይቀረዋል። ለዚህ አውሮፕላኑ ከመሬቱ 7,600 ሜትር በላይ መብረር አለበት። ሁለቱ ተከታታይ ፎቶዎች የተነሡባቸው ነጥቦች ደግሞ 4.6 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። አስቡት፤ አንድ ዓይኑ ከሌላው 4.6 ኪሎ ሜትር በሚርቅ ፍጡር እይታ ነው የሐረጎን ተራራ የምናየው።

አሁን የሌንሱ የትኩረት ርቀትና ፎቶው የመደበው ቦታ እኩል ይሁኑ ያልንበትን ሕግ እዚህ ላይ እናውለው። ፎቶው ከፊልሙ እኩል ስለታተመ ለዓይን የመደበው ቦታ 15.2 ሴንቲ ሜትር ነው። በኪስ የሚያዘው ስቴሪዮስኮፕ ሌንሱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ባለ መስተዋቱ በ30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ያሳያል። አንዱም አይገጥምም። በኪሱ ስቴሪዮስኮፕ ደግሞ አንድ ጊዜ የሚታየው ከተደራረበው ክፍል 6 ሴንቲ ሜትር ያህሉ ብቻ ነው፤ ቀሪውን ለማየት የላይኛውን ወረቀት ገለጥ ማድረግ ግድ ይላል። ይህን ያስተማሩኝ ሰዎች ወረቀቱን ቀስ ብዬ እንድገልጥ፣ እጥፋት እንዳልተውበት ደጋግመው ያስጠነቅቁኝ ነበር፤ ምክንያቱ የገባኝ የሌሎች እጥፋት ያረፈበትን ፎቶ ለማንበብ ስሞክር ነው።

መመልከቻው ስለማይገጥምና የማንሻ ነጥቦቹ እጅግ ስለሚራራቁ መሬቱ ወደ ላይ ተለጥጦ ይታያል። የ4.6 ኪሎ ሜትሩ ርቀት ለ7.6 ኪሎ ሜትሩ ከፍታ ሲካፈል 0.6 ይሆናል። ዓይናችን በበኩሉ 6.5 ሴንቲ ሜትር ተራርቆ ምስሉን 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ እንዳለ አድርጎ ይቀበለዋል፤ ይህ 0.16 ነው። የሁለቱ ምጣኔ 4 እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በዚህ ስሌት 10 ዲግሪ የሆነ ለዘብ ያለ ተዳፋት በስቴሪዮስኮፕ ሲታይ 33 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ያልሠለጠነ ተመልካች መታረስ የሚችለውን መሬት ገደል ነው ብሎ ሊፈርድ ይችላል።

ይህ ልጠጣ ግን ጥቅምም አለው። በተለይ ለደሴ። ከተማችን የተቀመጠችው በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል፣ መሬቱ በሚንሸራተትበት አካባቢ ነው። ተናለም አየነውና ባርቢዬሪ በ2005 ባሳተሙት ጥናት የደሴ አካባቢን የመሬት መንሸራተት ዘርዝረው በካርታ ላይ አስቀምጠውታል። አሮጌ መንሸራተት በመሬት ላይ ሲታይ ቤት ተሠርቶበት፣ ተዘርቶበት፣ ተራ ጉብታ ሆኖ ያልፋል። በተለጠጠ ጥንድ ፎቶ ግን የተቦደሰበት ጠርዝ፣ ከሥሩ የተቆለለው አፈር፣ የተቆራረጠው ደረጃ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። እውነተኛው ቁመት ተዛብቶም ቢሆን ለዓይን የተሰወረው ቅርጽ ይገለጣል። ስለዚህ በአየር ፎቶ ላይ ልጠጣውን አጥፉ አልልም። በምን ያህል እንደተለጠጠ እያወቃችሁ እዩ ነው የምለው። የተዳፋቱን ዲግሪ የሚፈልግ መሐንዲስ ይለካል እንጂ ዓይኑን አያምንም።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል 1,850፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። ኮምቦልቻ ላይ 1 ለ50,000 የሆነ ፎቶ፣ በዚያው በረራ ከፍታ ደሴ ላይ ሲደርስ 1 ለ46,000 ገደማ ይሆናል፤ መሬቱ ወደ አውሮፕላኑ ስለቀረበ ተልቆ ይወጣል። እንደኛ ባለ ተራራማ አገር አንድ ፎቶ አንድ ስኬል የለውም። ሁለቱን ፎቶዎች ስታስቀምጡ ግራውን በግራ ማድረግም አትርሱ፤ ከተቀያየሩ ሸለቆው ሸንተረር ይሆናል፣ የቦርከና ወንዝም በተራራ ጫፍ ላይ ሲፈስ ታገኙታላችሁ።

እነዚህ ፎቶዎች ያለፈውን መሬታችንን የሚመሰክሩ ናቸው። ክብሮም ተክሌና ላርስ ሄድሉንድ በ2000 ባወጡት ጥናት የቃሉ ወረዳን የ1958ና የ1986 የአየር ፎቶዎች አነጻጽረው፣ በ28 ዓመት ውስጥ ደኑና ቁጥቋጦው እንደቀነሰ፣ የተራቆተው መሬትና የሰፈራው ቦታ እንደጨመረ፣ የታረሰው መሬት ግን እምብዛም እንዳልተለወጠ አሳይተዋል። በሌላ በኩል ዶናልድ ክራሚ በ1998 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በ1937 የተነሡ የወሎ ፎቶዎችን ይዞ በ1997 በየቦታው ቆሞ እንደገና አነሣና ዛፉ በዝቶ አገኘው። ቦታው ይለያያል፣ ዘመኑም ይለያያል፤ ስለዚህ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ክራሚ ያደረገውን ግን አስተውሉ። ለማነጻጸር የቀድሞው ካሜራ ወደቆመበት ቦታ መመለስ ነበረበት። እኛም ወረቀት ስናትም የምንፈልገው ይኸንኑ ነው፤ ሌንሱ የነበረበት ቦታ ላይ ዓይንን ማስቀመጥ።

ከ1958 በፊት የተነሡም አሉ። በ1935 ደሴን በቦምብ የደበደበው የጣሊያን አየር ኃይል ካሜራም ይዞ ነበር። ከ1935 እስከ 1941 ጣሊያኖች ለካርታ ሥራ ያነሷቸው የአየር ፎቶዎች አዲስ አበባ በካርታ ሥራ ኤጀንሲ ውስጥ ተገኝተው፣ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ በ2016 ስለ እነርሱ ጽፈዋል። ፎቶዎቹ ከ33 ሺህ በላይ ሲሆኑ በ8,281 ጠንካራ ሰሌዳዎች ላይ ተለጥፈዋል፤ በየሰሌዳው ላይ ቀጥታ ወደ ታች የተነሣ አንድ ፎቶና በሰያፍ የተነሡ ሦስት ፎቶዎች አሉ። በዚያ ጦርነት ላለቁት ወገኖቻችን ያለኝን ሐዘን ይዤ ነው ይህን የምናገረው። ጠላት ለራሱ ዓላማ ያነሣው መሬት ግን የእኛ ነው፤ የማንበቡ መብትም የእኛ ነው።

የመጨረሻው ክፍል አጭር ነው። ዛሬ አሮጌ ፎቶ ስካን ሆኖ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ በኮምፒውተር ላይ ደግሞ መጠን የሚባል ነገር የለውም፤ እንደፈለጉ ያሳድጉታል። ትልቁ ጥፋት የሚደርሰው ያኔ ነው። ስካን የሚያደርግ ሰው ዳርና ዳሩን "ለማሳመር" ሲቆርጥ፣ የፎቶውን መካከለኛ ነጥብ ለማግኘት የሚያገለግሉትን ምልክቶችና የካሜራው የትኩረት ርቀት የተጻፈበትን ጠርዝ አብሮ ይቆርጣል። ያ ቁጥር ከጠፋ ትክክለኛውን የኅትመት መጠን ማስላት አይቻልም። የትምህርት ቤቶችና የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች፣ በእጃችሁ ያለውን ፎቶ ከነጠርዙ ስካን አስደርጉ፤ ከጎኑም ማስመሪያ አስቀምጡለት፤ የወረቀቱ እውነተኛ ስፋት ከምስሉ ጋር አብሮ ይኖራል። አዲስ ጥንድ ፎቶ የምታነሡ ወጣቶች በጀርባው ላይ ሌንሱን፣ በሁለቱ የማንሻ ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀትና የምትመለከቱበትን የትኩረት ርቀት በእርሳስ ጻፉ። በማንሻ ነጥቦቹ መካከል ላለው ርቀት የሚረዳ ልምድ አለ፤ በፎቶው ውስጥ የሚታየው የቅርቡ ነገር ያለበትን ርቀት ለ30 ማካፈል። 300 ሜትር የሚርቅ ጣሪያ ከፊት ካላችሁ 10 ሜትር ወደ ጎን ተራመዱ። ተራራው ጥልቀት ያገኛል፤ በዚያው ልክ ደግሞ 150 ጊዜ ያህል ያነሰ ሞዴል ሆኖ ይታያል፤ ይህን እያወቃችሁ አድርጉት።

አሁን ወደ ጠረጴዛዎቹ እንሂድ። በቀኝ በኩል ከአንድ ስልክ የወጣ አንድ ጥንድ በሁለት መጠን ታትሞ ተቀምጧል፤ አንዱ እንዲያንስ ተደርጎ፣ ሌላው ተቆርጦ። ሁለቱንም በባለ 10 ሴንቲ ሜትሩ ሌንስ እዩና የበሩን ጥልቀት አወዳድሩ። በግራ በኩል ባለ መስተዋቱ ስቴሪዮስኮፕ አለ፤ መነጽር የምታደርጉ ሰዎች መነጽራችሁን አታውልቁ። ምስሉ ወዲያው አንድ ካልሆነላችሁ አትቸኩሉ፤ ሁለቱ ተራሮች ተጠጋግተው እስኪገጥሙ ድረስ የቀኙን ፎቶ በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ጎን አንቀሳቅሱ። ጥያቄ ያላችሁ እዚያው እያየን እንነጋገራለን።